ከቤት ቤት የዞረው ቴሌቪዥን

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። ሰው ሁሉ "ሥራው አይናፍቅሽም ወይ?" ይለኛል። እውነቱን ልናገር፤ አይናፍቀኝም። ከሁሉ በላይ ያሳረፈኝ ሰው ቤት ስገባ ጣሪያውን ቀና ብዬ አለማየቴ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ደጃፍ ረግጬ ገና "እንደምን ዋላችሁ" ብዬ ሳልጨርስ፣ ዓይኔ ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይስ አፈር፣ ግድግዳው ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት እያለ ይመዘግብ ነበር። ለቅሶ ቤት እንኳ አይምርም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ልጇን ድራ ተጠርቼ ሄድኩና በልቼ ጠጥቼ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ሳሎኗ ውስጥ ምን ምን ዕቃ እንዳለ ጨርሶ እንዳላየሁ ገባኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሥራዬ መጠይቅ ይዞ ከቤት ቤት መዞር ነበር። የቅጥር ደብዳቤዬ "መረጃ ሰብሳቢ" ይላል፤ ሰፈር ውስጥ ግን የምታወቀው "ጠያቂዋ" በሚል ነው። ተወልጄ ያደግሁት አራዳ ቢሆንም ሥራ የጀመርኩት ከአዲስ አበባ ርቄ ነው። መጀመሪያ ለአንድ የጤና ጥናት አርባ ምንጭ ድረስ ወርጄ የአልጋ አጎበር ቆጠርኩ። ከዚያ ደብረ ብርሃን አካባቢ የገበሬ ማሳ የሚለካ ቡድን ውስጥ ገባሁ፤ እዚያ በደንብ የተማርኩት ነገር ቢኖር ብርድን ነው። ኮንትራቱ በየዓመቱ እየታደሰ፣ አበሉ እየዘገየ ዓመታቱ ሄዱ። በዚህ በኩል ሌላ የምለው የለኝም።

በመጨረሻ ስድስት ኪሎ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ በተከራየች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ጥናቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። የተለያዩ አገሮች ተመራማሪዎች ተሰባስበው በየከተማቸው አንድ ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ ተስማምተው ነበር። በሀብታምና በደሃ መካከል ያለው ልዩነት ለምን እየሰፋ ሄደ? ውሃውንና መሬቱን ሳንጨርሰው ለሚመጣው ትውልድ የተሻለ ፍትሕ ያለበት ኑሮ እንዴት ማቆየት ይቻላል? ጥያቄው ትልቅ ነው። እኔ እጅ ላይ ሲደርስ ግን "ቴሌቪዥን አለ? ሶፋ አለ? ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ?" ሆኖ ነው። የአዲስ አበባው ቡድን ኃላፊ ዶክተር ሰናይት ነበረች፤ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ስትራመድም ስትናገርም የምትፈጥን ሴት። "አስካለ፣ አንቺ ቅጹ ላይ የምታደርጊው ምልክት ነው ከሌላው አገር ምልክት ጋር ጎን ለጎን የሚቀመጠው፤ አደራሽን" ትለኝ ነበር።

የመስክ አለቃዬ ደግሞ ጋሼ ታደለ ነበሩ። ስለ እሳቸው ጥቂት ሳልል ወደ ነገሬ አልገባም፤ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ረጅም ሰው ናቸው፤ ከረቫት ሳያስሩ አይወጡም። በር ላይ ሲደርሱ ቦርሳቸውን ውጭ ያስቀምጣሉ፤ "ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ግብር ሊጠይቅ የመጣ ይመስላል" ይላሉ። መጠይቁን የሚይዙት ጋዜጣ ውስጥ አጥፈው ነው። ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው "ውሃ አጠጡኝ" ነው፣ ባይጠማቸውም። አንድ ቀን ሰባራ ባቡር ሰፈር ስምንት ቤት ገብተን በስምንቱም ጠጥተው፣ ከሰዓት በኋላ ሥራውን አቋርጠን መጸዳጃ ቤት ያለው ካፌ ፍለጋ ሽቅብ ሮጠናል። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው፣ "ውሃው ከየት እንደሚመጣ ታያለሽ፣ በምን እንደሚቀመጥ ታያለሽ፣ ብርጭቆው የማን እንደሆነ ታያለሽ። ከዚያ በኋላ የምትጠይቂው ለማረጋገጥ ነው" አሉኝ።

"ትናንት ምን በላችሁ?" ብለው ፊት ለፊት አይጠይቁም። "ዛሬ ቁርስ ላይ እነማን ነበራችሁ?" ይሉና ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ተመልሰው ትናንት ምሳ ላይ ይደርሳሉ። ሰው ሲያለቅስ እርሳሳቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። መልሱን የሚያውቁትን ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ አይሞሉም፤ "አንቺ የምታውቂው ላንቺ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የባለቤቱ ቃል ነው" ይላሉ። ደግሞ ጥናቱ ሲያልቅ ወደ ጠየቅናቸው ሰዎች ተመልሰን የተገኘውን እንድንነግራቸው ያስገድዱን ነበር። ለዚህኛው ልማድ አበል የለም፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን እናጉረመርም ነበር።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ግቢው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። አካባቢው ዛሬ ብዙ ስለተለወጠ ለማያውቀው ላስረዳ። አንድ የቆርቆሮ በር አለ፤ ከዚያ ጠባብ መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ ስድስት ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤቶች፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ ሽንት ቤት። እኔ የሄድኩ ዕለት ጋሼ ታደለ ሌላ ሰፈር ነበሩ። ከቀበሌ የተላከ ሰው ከአንድ ቀን በፊት "ነገ የጥናት እንግዶች ይመጣሉ" ብሎ ለግቢው ተናግሮ ነበር። እኔ ደግሞ ከምሳ በፊት ሌላ ግቢ መጨረስ ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ቤት የእትዬ ዘነበች ነበር። እትዬ ዘነበች በየሰው ቤት እየዞሩ ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ባልቴት ናቸው። ስገባ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን፣ ቀይ ከፋይ የለበሰ ወንበርና አበባ የተሳለበት ፔርሙስ ጠበቁኝ። ሻይ ተቀዳልኝ። ውሃ አጠጡኝ አላልኩም፤ ቸኩያለሁ። "ቴሌቪዥን አለ?" አልኩ። "ይኸው" አሉ ቀና ብለው። ምልክት አደረግሁ። "ውሃ ከየት ነው?" "ከቧንቧ።" የማን ቧንቧ እንደሆነ ሳልጠይቅ ምልክት አደረግሁ። ስወጣ አንዷ ጎረቤት መተላለፊያው ላይ አቁማ ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ። ከሁለተኛው ቤት ስወጣ ሌላዋ አቆመችኝ። ምን ዓይነት ሰው ወዳድ ግቢ ነው አልኩ። በስድስቱም ቤት ቴሌቪዥን አገኘሁ፤ በስድስቱም ላይ ዳንቴል አለ። ግቢው በሙሉ አንድ ዓይነት ዳንቴል ይወዳል ማለት ነው ብዬ አለፍኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይቀላል።

ከወራት በኋላ የጥናቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ተነገረን። ኑሯቸው ዝቅተኛ ሆኖ የተመዘገበ ጥቂት ግቢዎች ተመርጠው፣ ነዋሪው ራሱ እየተመካከረበት ውሃ ይገባላቸዋል፣ ሽንት ቤት ይሠራላቸዋል። ከዚያ ኑሯቸው ምን ያህል እንደሚለወጥ እያንዳንዱ አገር በየከተማው ይከታተላል። የድልድዩ ግቢ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። አልገረመኝም፤ ስድስት ቴሌቪዥን ያለው ግቢ ነው። ጋሼ ታደለ እንደ ልማዳቸው "ሂጂና ንገሪያቸው" ስላሉኝ አንድ ጠዋት ለማንም ሳላሳውቅ ወረድኩ።

እትዬ ዘነበች በራቸውን ከፍተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ጉልበታቸውን ቅባት ያሻሉ። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ አንድ የእንጨት ሳጥንና ሁለት ጀሪካን ብቻ ነበር።

"እትዬ፣ ቴሌቪዥኑ ተሰረቀ እንዴ?" አልኩ።

"የማን ቴሌቪዥን?"

"የእርስዎ ነዋ።"

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እስኪያብሱ ድረስ ሳቁ። "እሱማ የጎረቤቴ የወይዘሮ አበበች ነው፤ ያን ዕለት ሲዞር ዋለ። አንቺን መተላለፊያው ላይ አንዷ ስታስወራሽ እኛ በጓሮ መስኮት እናሻግረዋለን። ወንበሩም፣ ፔርሙሱም። እኔ ቤትማ ምን ሶኬት አለና!"

"ቧንቧውስ?"

"ቧንቧውማ አለ፣ ከድልድዩ ማዶ። ተሸክመን እናመጣለን።" ከዚያ ፊቴን አዩኝ። "ምነው ልጄ፣ ገረጣሽ?"

ሰበብ ፈጥሬ ወጣሁ። ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስወጣ ያናደደኝ እነሱ ያደረጉት አይደለም። እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ከሌላ አገር የመጣ ጠያቂ ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ እኔ ግን አራዳ ተወልጄ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ሂጂ ከነእንትና ቤት ብርጭቆውን አምጪ" እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። የራሴን ልጅነት ሰው ቤት አግኝቼ ሳላውቀው ቀረሁ። በእኔ እርሳስ ምክንያት ስድስት ቤተሰብ ውሃ ሊቀርበት ነው፤ ዝርዝሩ ሊጸድቅ የቀረው ደግሞ ሁለት ሳምንት ነበር።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ይህን ማሰቤን አልደብቅም። ብናገር የእኔ ኮንትራት ብቻ አይደለም የሚነካው፤ ቅጹን ሁሉ አረጋግጠው የፈረሙበት ጋሼ ታደለ ናቸው፤ ለጡረታቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ፒያሳ፣ ማኪያቶ የሚጠጡበት ቤት ባንኮኒው ላይ ቆመው አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ስኳራቸውን እያማሰሉ እስከ መጨረሻው አደመጡኝ።

"ውሃ ጠይቀሽ ነበር?" አሉ።

"አልጠየቅኩም ጋሼ።"

ሌላ የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ማኪያቷቸውን ጨርሰው፣ "ፊርማው የኔ ነው፤ አብረን እንሄዳለን" አሉና የእኔንም ከፍለው ወጡ።

ቢሮ ስንደርስ ዶክተር ሰናይት ብቻዋን አልነበረችም። በጥናቱ ከምንተባበራቸው አገሮች መካከል የሕንዱን ቡድን የምትመራው ሱኒታ ለምክክር መጥታ አብራት ተቀምጣለች። በእንግዳ ፊት መናገሩ ከበደኝ፤ ጋሼ ታደለ ግን ወንበር ስበው "ንገሪያት" አሉኝ። ነገርኳት። ዶክተር ሰናይት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"አስካለ፣ ሁለት ሳምንት እኮ ነው የቀረን! ሌላ ስንት ግቢ ላይ ነው እንዲህ የሆነው?"

"አላውቅም" አልኩ። እውነቱ ይኸው ነበር።

"አላውቅም ነው የምትዪኝ?"

"እኔም አላውቅም" አሉ ጋሼ ታደለ። "የፈረምኩትም እኔ ነኝ።"

ሱኒታ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች፤ ዶክተር ሰናይት እየተበሳጨች በእንግሊዝኛ ተረጎመችላት። ሱኒታ ቴሌቪዥኑ በመስኮት መሻገሩን ስትሰማ አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ የተናገረችውን ዶክተር ሰናይት ቀስ ብላ ወደ አማርኛ መለሰችልን። በእነሱ ሰፈር የወንዱ ቤተሰቦች የምትዳረውን ልጅ ሊያዩ ሲመጡ የነሐሱ ዕቃ ከየጎረቤቱ ተለምኖ ይደረደራል፤ የእሷ ታላቅ እህት የታየችው በሰው ዕቃ መካከል ነው። "እኛም ስንቱን ቤት ሀብታም ብለን ጽፈን ይሆን?" አለች። ዶክተር ሰናይት ቁጭ አለች። ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ትንሽ ላላ፤ እንባዬም መጣ።

ግቢውን እንደገና እንድንጠይቅ ተወሰነ። ዶክተር ሰናይት ሳይሰሙ ድንገት እንግባባቸው አለች። ጋሼ ታደለ አልተስማሙም። "ሰውን በባዶ ቤቱ ማጥመድ ጥናት አይደለም። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ነግረናቸው፣ ፈቅደውልን ነው የምንገባው" አሉ። ደግነቱ አሸነፉ።

እኔ ብቻዬን ሄጄ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው፤ ምልክቱን ያደረግሁት እኔ እንደሆንኩ፣ በዚያ ምክንያት ግቢው ከዝርዝሩ እንደቀረ፣ ቤቱን እንዳለ ዓይተን እንደገና ብንጽፍ ሊታረም እንደሚችል። በሩ ላይ ቆመው ሰሙኝ፤ "ግቢ" አላሉኝም።

"እና ባዶ ቤቴን ጽፈሽ ለፈረንጅ ልታሳዪ ነው?"

"ስምዎ አይጻፍም እትዬ።"

"እኔ አውቀው የለ! ድህነቴን እኔው ይዤዋለሁ። የኛ ጥፋት እንግዳ ማክበራችን ነው?"

"ጥፋቱ የኔ ነው። እኛም ቤት እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆ የምለምነው እኔ ነበርኩ። እናቴ አንድም ቀን የራሷን ብርጭቆ ለእንግዳ አቅርባ አታውቅም፤ አልነበራትማ። ይህን እያወቅሁ የእርስዎን ቤት እንደ ባዕድ ዓይቼ ወጣሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ለጥናቱ ብዬ እንዳልተናገርኩት ያወቁ መሰለኝ፤ ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር ነበር።

"እናትሽ በሕይወት አለች?"

"የለችም።"

"ነፍስ ይማር።" ከበሩ ገለል አሉ። "ግቢ። የማስቀምጥሽ ወንበር ግን የለኝም።"

አልጋቸው ጫፍ ላይ ጎናቸው ተቀመጥኩ። "ውሃ ያጠጡኝ" አልኩ። ከጀሪካኑ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። ጠጣሁ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመርን። ቴሌቪዥን አለ? የለም። ሶፋ አለ? የለም። ድምፃቸው መጀመሪያ ላይ ዝቅ ያለ ነበር፤ እየቆየ ግን ራሳቸው ቀድመው "የለም በይ፣ እሱም የለም" ማለት ጀመሩ። ክረምት ሲመጣ ሽንት ቤቱ የቆመበት ጣውላ ስለሚንሸራተት በዚህ ጉልበታቸው ግድግዳ ይዘው እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ይህ መጠይቁ ላይ ቦታ አልነበረውም፤ ጠርዙ ላይ ጻፍኩት። የቀሩት አምስት ቤቶች እትዬ ዘነበች ከፈቀዱ በኋላ አላንገራገሩም። ወይዘሮ አበበች ብቻ "እንግዲህ የሀብታም ቤት እኔ ብቻ ልሆን ነው" ብለው ቀለዱ።

ዝርዝሩ ሊጸድቅ አንድ ቀን ሲቀረው ዶክተር ሰናይት ደወለችልኝ። ቢሮው ደረጃ ላይ እየወጣሁ ነበር። "ገብቷል፤ ግቢሽ ገብቷል" አለች። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ልጅ የወደቅሁ መስሏት ሮጣ መጣች። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። ጋሼ ታደለም ጡረታቸው ሳይነካ በሰላም ወጡ። መጠይቁ ላይ ደግሞ "ይህ ዕቃ የማን ነው?" እና "የጎረቤት ሆኖ የምትጠቀሙበት ምን አለ?" የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ተጨመሩ፤ ሱኒታ ነች ሌሎቹ አገሮች ሁሉ እንዲጠይቋቸው ያሳመነቻቸው። በዚያ ዙር እንዲሁ ተጣድፌ የገባሁባቸውን ሌሎች ግቢዎች ግን ሁሉንም መልሰን ለማየት ጊዜ አልነበረንም። እነሱን ሳስብ አሁንም ውስጤን ይቆጠቁጠኛል። ምን ያህሉን እንዳበላሸሁ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቤት ውሃ ሳልጠይቅ አልገባሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለቀጣዩ ዙር ወደ ግቢው ተመለስኩ። ቀድሜ አስነግሬ ነበር፤ የወይዘሮ አበበች ቴሌቪዥን ግን ከቤቱ አልተነቃነቀም። እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመው ጠበቁኝና አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ። የውሃው ጥያቄ ላይ ስደርስ ቧንቧው መተላለፊያው መካከል ቆሞ፣ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ቢሆንም እንደተማርኩት ጠየቅኩ።

"እትዬ፣ ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?"

ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱ፤ ወጥተው ቧንቧውን ከፈቱትና ውሃው እየወረደ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይሄኛውን ደህና አድርገሽ ጻፊው" አሉ። "ከማንም አልተዋስነውም።"